ካርዱን ገልብጪው

(እሳቸው ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ አጎት ናቸው። እሷ የእህታቸው ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ትሠራለች። በመካከላቸው የተዘረጋው አልበም የታላላቅ ሆቴሎች ፖስትካርድ የያዘ ነው።)

እሷ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ገጽ አንድ ሆቴል ነው እንዴ? ዓለምን ሊያዞሩኝ መስሎኝ ነበር፤ ካይሮ ላይ አቆሙኝ።

እሳቸው፦ መዞር ካማረሽ ኋላ ያሉትን ገጾች ግለጪ። የኢስታንቡሉ ፔራ ፓላስ አለ፣ የቦምቤው ታጅ ማሃል አለ፣ የሲንጋፖሩ ራፍልስ አለ። ከእነሱ ግን ያለኝ አንዳንድ ካርድ ነው። አንዳንድ ካርድ ጌጥ ነው፤ ዓይን ያስደስታል፣ ያልፋል። ይሄን የካይሮውን ሼፐርድ ሆቴል ግን ከካርዱ መጀመሪያ እስከ ሕንፃው መጨረሻ ተከትዬዋለሁ። አንድን ቤት ከነዕድሜው ደርድረሽ ስታዪው ነው ነገሩ የሚገለጥልሽ።

እሷ፦ እስቲ ይግለጡልኝ። ለእኔ የሚታየኝ ያው ሕንፃ ነው። በረንዳ፣ ከበረንዳው ፊት የፈረስ ጋሪ፣ በረንዳው ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጆች።

እሳቸው፦ ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ፤ ማኅተሙ ላይ ያለው እሱ ነውና። ሳሙኤል ሼፐርድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1841 ካይሮ ላይ ሆቴል ከፈተ። ያንን ዘመን በፖስትካርድ አታገኚውም፤ ፖስትካርድ ገና አልነበረማ። የመጀመሪያውን ካርድ በፖስታ ቤት በኩል ያወጣችው ኦስትሮ-ሃንጋሪ ናት፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1869። ሥዕል የሌለው ደረቅ ካርድ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ስዊዝ ካናል ተከፈተ። ወደ ሕንድ የሚሻገረው እንግሊዛዊ፣ ብርዱን ሸሽቶ ፀሐይ ፍለጋ የሚመጣው ሀብታም፣ በቶማስ ኩክ ድርጅት በኩል ተመዝግቦ ዓባይን በመርከብ የሚወጣው አገር ጎብኚ፣ ሁሉም ካይሮን መርገጥ ግድ ሆነበት። ሼፐርድ የከበረው በእነዚህ ሰዎች ነው። እዚህ አልበም ውስጥ የምታዪው ሕንፃ በ1891 እንደ አዲስ የተሠራው ነው። ባለ ሥዕል ካርድ በዓለም የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው። ቤቱና ካርዱ አብረው ገነኑ ማለት ነው።

እሷ፦ ይሄኛውስ ምን ሆኖ ነው? ሰውዬው ሰማዩ ላይ ጽፏል። ሥዕሉን አበላሸው እኮ።

እሳቸው፦ ሌላ ቦታ ስላልነበረው ነው። ገልብጪው። ጀርባው ላይ፣ መሐል ለመሐል የተሰመረ መስመር አለ?

እሷ፦ የለም። ያለው አድራሻ ብቻ ነው።

እሳቸው፦ የፖስታ ደንቡ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ይሁን የሚል ነበር። መልእክት ያለው ሰው በሥዕሉ ጠርዝ፣ በሰማዩና በመንገዱ ላይ ይጽፋል። እንግሊዝ በ1902 ጀርባውን ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹ ለአድራሻ፣ ግማሹ ለመልእክት። ፈረንሳይና ጀርመን ተከተሏት፤ አሜሪካ በማርች 1907 ፈቀደች። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት ካርድ ሲገጥምሽ መጀመሪያ የምትመረምሪው ጀርባውን ነው። ማኅተም ቢኖረውም ማኅተሙ የተላከበትን ቀን ነው የሚነግርሽ፤ የታተመበትን አይደለም። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ተቀምጦ የተሸጠ ካርድ ብዙ ነው።

እሷ፦ ከየት ነበር የሚገዙት? ከመንገድ?

እሳቸው፦ ከመንገድም፣ ከመጻሕፍት መደብርም። ሊክተንስተርንና ሃራሪ የሚባሉ የካይሮ አሳታሚዎች ነበሩ፤ ከ1920ዎቹ ወዲህ ደግሞ የሌህነርትና የላንድሮክ ሱቅ ስሙ ገናና ሆነ። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በካርድ ኅትመት ጀርመንን የሚስተካከል አልነበረም፤ ካይሮ ላይ ከሚሸጠውም ብዙው እዚያ ታትሞ የመጣ ነው። የሆቴልን ካርድ ከሌላው የሚለየው ግን ይሄ ነው፦ ትልልቆቹ ሆቴሎች የመጻፊያ ክፍል ነበራቸው። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ቀለምና ወረቀት፣ የሆቴሉ ሥዕል ያለበት ካርድም በነፃ ይቀመጣል። እንግዳው ቴምብሩን ከኪሱ ገዝቶ የሆቴሉን ማስታወቂያ ለዘመድ ወዳጁ ይልካል።

እሷ፦ እሱ ዛሬም አልቀረም! እኛ ሎቢ ውስጥ በአበባ የተሸፈነ አንድ ግድግዳ አለ። እንግዳ ፎቶ ተነስቶበት በስልኩ እንዲለቀው ተብሎ የተሠራ ነው። ከግድግዳው ጀርባ የላውንድሪ በር አለ፤ ፎቶ ሲነሱ ጋሪ ይዘን እንዳንወጣ ተነግሮናል።

እሳቸው፦ እንግዲያው ነገሩ ገብቶሻል። የካርዱ ፊት ሆቴሉ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። አሁን እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና በአጉሊ መነጽር ተመልከቻቸው። አንዱ ቀን ነው፣ አንዱ በጨረቃ ብርሃን።

እሷ፦ ቆይ... ጋሪው ያለው አንድ ቦታ ነው። ይሄ ግራ እግሩን ያነሳው ሰውም እዚያው ነው። አንድ ፎቶ ነው ጋሼ!

እሳቸው፦ አንድ ፎቶ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሰማዩን አጥቁሮ፣ ጨረቃ ጨምሮ፣ መስኮቶቹን ቢጫ ቀብቶ ሌሊት አደረገው። የእኩለ ቀኑ ጥላ ግን ከሰውዬው እግር ሥር አልጠፋም። ሽቦ ይሰርዛሉ፣ ዛፍ ያበቅላሉ። ቀለሙን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ካይሮን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ አንዱ ካርድ ላይ ሕንፃው ሮዝ፣ ሌላው ላይ ቢጫ ቢሆን አይግረምሽ። እንዲህ ያለው ኅትመት ብዙውን ጊዜ በመነጽር ሲታይ ነጠብጣብ ነው። በፎቶ ወረቀት ላይ በቀጥታ የታጠበው ካርድ ግን ነጠብጣብ የለበትም፤ ከጥቁር ወደ ግራጫ ሳይቆራረጥ ነው የሚሄደው። እሱን ስታገኚ አትልቀቂ፤ እጅ ያልበዛበት እሱ ነው።

እሷ፦ ዛሬ ታትሞ እንደ ጥንት የሚሸጥስ የለም?

እሳቸው፦ ሞልቷል። በአልትራቫዮሌት መብራት ስታዪው ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ፣ ከ1950 ገደማ ወዲህ የተሠራ ወረቀት ነው፤ ወረቀትን የሚያደምቀው ኬሚካል የተለመደው ያኔ ነው። በጣት መዳሰስም ይረዳል። ይሄን በጊዜ ትለምጂዋለሽ፤ አሁን እሱን ተዪውና ወደዚህ ተመልከቺ።

እሷ፦ መስኮቱ ላይ በእርሳስ የመስቀል ምልክት አለ። ከላይ፣ ከዳር በኩል።

እሳቸው፦ ያረፈበት ክፍል ነው። ለቤተሰቡ ያለበትን ማሳየቱ ነው። በየአገሩ የሆቴል ካርድ ላይ ታገኚዋለሽ ይሄን ልማድ። ነጋዴው እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ይቀንስበታል። ገበያው የሚያከብረው ያልተጻፈበትን፣ ጥጉ ያልታጠፈውን፣ ከሱቅ ወጥቶ ሰው እጅ ያልገባ የሚመስለውን ነው። እኔ በዚህ ከገበያው ጋር አልስማማም፤ ዕድሜ ልኬንም አልተስማማሁም። ያልተጻፈበት ካርድ የሆቴሉ ቃል ብቻ ነው። ሰው ሲጽፍበት ሁለተኛ ምስክር ተገኘ። ፊቱ ላይ ዓምዱ የግብፅ ቤተ መቅደስ የሚመስል አዳራሽ አለ፤ ጀርባው ላይ ዝንቡ፣ የሆድ ሕመሙ፣ የሒሳቡ ውድነት፣ ከቤት ደብዳቤ ስላልመጣ የገባው ጭንቀት። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው፤ ማንም ሊነጣጥላቸው አይችልም።

እሷ፦ ይሄ ካርድ ግን ተነጣጥሏል። ቴምብሩ የለም፤ ቦታው ተልጦ ነጭ ሆኗል።

እሳቸው፦ ኧረ እሱን ተዪኝ! ቴምብር ሰብሳቢ በእንፋሎት አላቅቆ ወስዶት ነው። ማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ካርዱ ላይ ነበር። ቴምብሩ ሲሄድ ቀኑም ከተማውም አብረው ሄዱ። ስንት ዓመት ማኅተም ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄን ሳይ ያንገበግበኛል። ሰውዬው አንዲት ቁራጭ ወረቀት አተረፈ፤ አንድ ሙሉ ታሪክ ግን ጎደለ። አንቺ እንዳታደርጊው። በሙጫ መለጠፍ፣ በፕላስተር መጠገን፣ ፒቪሲ በሆነ ላስቲክ ውስጥ መክተት፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ሁሉም ክልክል ነው።

እሷ፦ ሁሉንም ስካን ብናደርገውስ? ጥሩ ስካነር አለን። ከዚያ ቢጠፋም አያስጨንቅ።

እሳቸው፦ አድርጊው፤ ሁለቱንም ገጽ ግን። በኢንተርኔት የሚሸጡ ብዙዎቹ ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ጀርባውን ለማየት ለምኜ፣ ሻጩ ለምን እንደፈለግሁት ሳይገባው የቀረበት ጊዜ አለ። ስካኑ ያለው ሰው ካርዱን አያስፈልገኝም ካለ ግን እኔ የለሁበትም። ወረቀቱ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ነጠብጣቡን፣ የእርሳሱን ጫና፣ ሁለት ጊዜ የተለያየ አገር የተመታውን ማኅተም የምታገኚው እሱ ላይ ነው።

እሷ፦ አንድ ነገር ልናገር፣ ግን እንዳይቆጡኝ።

እሳቸው፦ ተናገሪ።

እሷ፦ እኔ እዚህ ላይ የሚታየኝ ቅኝ ገዢ ነው። እንግሊዝ ግብፅን የያዘችው በ1882 ነው፤ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ፈረንጆች፣ ከታች መንገዱ ላይ የቆሙት ግብፃውያን። እርስዎ አፍሪካዊ ሆነው ይሄን ለምን በፍቅር ይሰበስቡታል? የነሱን ናፍቆት እርስዎ የሚሸከሙላቸው ለምንድን ነው?

እሳቸው፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልቆጣም። ናፍቆት የለብኝም። ይሄን ቤት እስከ መጨረሻው የተከተልኩት መጨረሻው ስለሚያሳስበኝ ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 1952 እንግሊዞች ኢስማኢሊያ ላይ የግብፅን ፖሊሶች ከበው ወደ 50 የሚጠጉትን ገደሉ። በማግስቱ ካይሮ በቁጣ ተነሳች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕንፃዎች ነደዱ፤ ሲኒማው፣ ባንኩ፣ የእንግሊዞች ክበብ። ሼፐርድም በዚያ ቀን ነው የጋየው። በስድስተኛው ወር ንጉሥ ፋሩክ ከዙፋን ወረዱ። አሁን እነዚህን ካርዶች በተርታ ተመልከቺና ንገሪኝ፤ ፎቶ አንሺው የቆመው የት ነው?

እሷ፦ መንገድ ላይ ነው። ይሄም መንገድ ላይ፤ ይሄም። ሁሉም ከታች ወደ ላይ ነው የተነሳው።

እሳቸው፦ አየሽ። በረንዳው ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው፤ ደረጃ አለው፣ አጥር አለው። እንግዳው እዚያ ሻይ እየጠጣ መንገደኛውን ቁልቁል ያያል። ሕንፃው እንዲያምር፣ በረንዳው ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ፎቶ አንሺው መንገድ ላይ መቆም ነበረበት። መንገድ ላይ የሚቆመው ደግሞ ማነው? ሸቀጥ አንጠልጥሎ የሚለምነው፣ አህያ የሚነዳው፣ ደረጃውን መውጣት የማይፈቀድለት ካይሮአዊ ነው። ሆቴሉ ለስንት አሥርት ዓመታት ራሱን ለዓለም ያሳየው እሳት ይዞ ከመጣው ሕዝብ መቆሚያ ሆኖ ነው። አንድም አሳታሚ ይሄን አስቦ አላደረገውም። ካርዶቹን አንድ ላይ ስትደረድሪ ግን ይታያል፤ በአንድ ካርድ አይታይም። አንድን ሆቴል ተከታተዪ የምልሽ ለዚህ ነው።

እሷ፦ ይሄን ከዚህ በፊት ነግረውኝ አያውቁም።

እሳቸው፦ ጠይቀሽኝ አታውቂማ። ከዚያ በኋላ በ1957 በዓባይ ዳር በሌላ ቦታ በዚያው ስም አዲስ ሆቴል ተሠራ። ሻጮች ሁለቱን ይቀላቅላሉ፤ በረንዳው ከሌለና ወንዙ ካለ አዲሱ ነው። ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት የሚባለው ፊልም የሼፐርድን ትዕይንት የቀረጸው ቬኒስ ውስጥ በሌላ የድሮ ሆቴል ነው፤ ካይሮ ላይ የሚቀረጽ ሕንፃ አልቀረማ። ካርዱ ግን እየተላከ በዓለም ተበትኖ ስለነበር ተረፈ። ለንደን መሳቢያ ውስጥ፣ ዙሪክ አልበም ውስጥ፣ ቺካጎ ጣራ ሥር። ካይሮ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አብሮ በነደደ ነበር።

እሷ፦ እሺ፣ ይሄን ተቀብያለሁ። ግን አሁንም አንድ ሰው ጎድሎብኛል። ከፊት ሆቴሉ ይናገራል፣ ከኋላ እንግዳው ይናገራል አሉኝ። ይሄ ደረጃው ላይ የቆመው፣ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ወገቡ ላይ ቀይ መቀነት የታጠቀው፣ ቀይ ታርቡሽ ያደረገው ሰውዬ የቱ ጋ ነው የሚናገረው?

እሳቸው፦ የትም።

እሷ፦ የትም አይናገርም። ግን እኔ ላነበው እችላለሁ፤ ሥራዬ ነው። ይሄን ካርድ ያምጡት። እንግዶቹ ሁሉ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ተቀምጠዋላ። ይሄኛው አስተናጋጅ ፊቱ ደብዝዟል፤ ትሪ ይዞ እየሄደ ስለነበር ነው። ይሄ በረኛ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ያያል፤ ቁም ተብሎ ነው። እጁ ግን ከኋላው ነው፤ እጅህን አታሳይ ተብሏል ማለት ነው። እኛም ለሆቴሉ ፎቶ ስንቆም የሚሉን ይሄንኑ ነው። እና ያስተውሉ፣ ይሄ ሰው እዚህም ካርድ ላይ አለ። አቋሙን ይዩት፣ ትከሻው ያዘነበለ ነው። ካርዶቹ መካከል ስንት ዓመት አለ?

እሳቸው፦ አንደኛው ጀርባው ያልተከፈለ ነው። ሁለተኛው የተከፈለ፣ አሳታሚውም ሌላ ነው። ዓመታት አሉ መካከላቸው።

እሷ፦ እንግዲያው ያ ሰው ዓመታት እዚያ በር ላይ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ማን እንደነበር ይታወቃል አይደል?

እሳቸው፦ በሚገባ ይታወቃል። የግብፅን ታላላቅ ሆቴሎች በአንድ ኩባንያ ያጠቃለለው ስዊዘርላንዳዊው ቻርልስ ቤህለር በየመጽሐፉ ተጽፏል። የበረኛው ስም ግን በአንድ ካርድ ላይ አላየሁም። ትክክል ነሽ፤ ይሄን ጎዶሎ ጀርባው አይሞላውም።

እሷ፦ ታዲያ ለምን በሌላ ወረቀት እኔ አልጽፈውም? ካርዱን ሳልነካ፣ አጠገቡ። ማን የት ቆሟል፣ ምን ለብሷል፣ ምን ይዟል፣ በየትኛው ካርድ ተደግሟል።

እሳቸው፦ ጻፊው። በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም ከወረቀት ወደ ወረቀት ይዛመታል።

እሷ፦ ይሄ ደግሞ የኛ ንጉሥ ፎቶ አብሮት ያለ ነው። ኢየሩሳሌም ይላል።

እሳቸው፦ ፎቶው ከጋዜጣ የተቆረጠ ነው፤ እኔ ነኝ ከካርዱ ጋር ያኖርኩት። ካርዱ የኪንግ ዴቪድ ሆቴል ነው፤ በ1931 የተከፈተ፣ ሞሴሪ በሚባሉ የካይሮ ባለሀብቶች ገንዘብ የተሠራ። ስለዚህ በካይሮ በኩል የሼፐርድ የሥጋ ዘመድ ልትዪው ትችያለሽ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባን ለቀው በጅቡቲ በኩል ተሻግረው፣ በሚያዝያ 30 ሃይፋ ገቡ። ኢየሩሳሌም ያረፉት እዚህ ነው። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ይሄን ካርድ ሳይ ስለ ሕንፃው ማማር አላስብም። አገር የጠፋበት ሰው፣ ለመዝናናት የመጣ ሰው የሚያርፍበት አልጋ ላይ እንዴት እንዳደረ ነው የማስበው። በጁላይ 1946 ደግሞ የደቡብ ክንፉ በቦምብ ፈርሶ 91 ሰው አለቀበት፤ የእንግሊዝ አስተዳደር ቢሮ እዚያ ነበር። ኋላ ጠግነው ፎቅ ጨመሩበት። ፎቁን ቆጥረሽ ካርዱ የየትኛው ዘመን እንደሆነ መለየት ትችያለሽ።

እሷ፦ የእኛዎቹስ? ጣይቱ ሆቴል የት አለ?

እሳቸው፦ መጨረሻ ላይ፣ በተለየ ኤንቨሎፕ። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ አንድ ክፍለ ዘመን አልፎት እስካሁን የቆመ ቤት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 3 ቀን 2007 ከፊሉ ተቃጥሎ ስንት ሰው እንዳለቀሰ ታስታውሻለሽ። የድሮውን የአዲስ አበባ ካርድ ስትገዢ እንደ ፖስታ ሠራተኛ አንብቢው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል የሆነችው በኖቬምበር 1908 ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበር፤ ካርዱ ላይ የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበታል። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ድሬዳዋ ግን በ1902 ደርሷል። ስለዚህ ከ1917 በፊት ከዚህ የተላከ ካርድ እስከ ባቡሩ ድረስ በእንስሳ ጀርባ ተጉዟል። ሁለት አገር ቴምብር ያለበትን ካርድ በእጅሽ ስትይዢ ያ መንገድ ሁሉ እጅሽ ላይ ነው።

እሷ፦ ይሄ ቡናማ ኤንቨሎፕስ ለምን ተለይቶ ታሰረ?

እሳቸው፦ ጣልያን በወረራው ዘመን ያሳተመው ነው። ቺያኦ የሚባል የሆቴል ኩባንያ አቋቁመው ጎንደርና አስመራን በመሰሉ ከተሞች ሆቴል ሠርተው ነበር። ካርዱ የተሠራው ምድሪቱ የነሱ ቤት መሆኗን ለማሳየት ነው። ባልሰበስበው ይሻላል ያሉኝ አሉ። እኔ እይዘዋለሁ፤ ከጣይቱ ካርድ ጋር ግን አልቀላቅለውም። ከእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ማን እንዳሳተመውና በየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አለ። ወረቀት የሌለው ካርድ ለማያውቅ ሰው ደስ የሚል ሥዕል ብቻ ይሆናል፤ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

እሷ፦ እነዚህ ደግሞ ቀለማቸው የደመቀ ነው። ሂልተን! ገንዳው ራሱ ነው፣ የመስቀል ቅርጹ።

እሳቸው፦ ሂልተን በ1969 ነው የተከፈተ፤ ገንዳው የፍል ውኃ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብሎ አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቀበት ዘመን ካርዶች ናቸው እነዚህ። የጊዮንም አለ፣ የራስ ሆቴልም አለ። ብዙ ሰብሳቢ ይንቃቸዋል፤ አዲስ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ አንጸባራቂ ናቸው ይላል።

እሷ፦ ጋሼ፣ እነዚህን የሚንቁት አልገባቸውም። ይሄን ካርድ ይዩ፤ ገንዳው ዳር ትሪ የያዘ አስተናጋጅ አለ። በ1969 ሃያ ዓመት ከሆነው ዛሬ ሰባ አምስት አልፎታል፤ ግን በሕይወት ሊኖር ይችላል። የሼፐርድን በረኛ ስም ማንም ሊነግረን አይችልም። ይሄን ግን እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አለ!

እሳቸው፦ ... እኔ እነዚህን በዓመትና በአሳታሚ ነበር የደረደርኳቸው።

እሷ፦ እንደተደረደሩ ይቆዩ። እኛ ጋ ኩሽና የምትሠራ ልጅ አለች፤ አባቷ ጊዮን ውስጥ ረጅም ዘመን በአስተናጋጅነት ሠርተዋል። ቤታቸው ሩቅ አይደለም። ካርዶቹን ይዤ ልሄድ?

እሳቸው፦ ስካኑን ሳይሆን ካርዱን ራሱን ይዘሽ ሂጂ። ዋናውን በእጃቸው ይያዙት፤ አሮጌ ሰው የስልክ መስታወት ላይ አያይም። የጊዮኑን በሙሉ፣ ከሂልተንም የገንዳውንና የእንግዳ መቀበያውን ውሰጂ። ከአንድ ሆቴል ወደ ሌላ የሄደ ሠራተኛ ብዙ ነበር፤ ሊያውቁ ይችላሉ። አስቀድመሽ ግን ስም አትጥሪላቸው፤ አንቺ ከጠራሽው እሱ ነው ይሉሻል።

እሷ፦ ስም አልጠይቅም መጀመሪያ። ፎቶው የተነሳው ጠዋት ነው፤ ጥላው ረጅም ነው፣ ጠረጴዛውም ለቁርስ ነው የተዘጋጀው። የጠዋት ፈረቃ ላይ ገንዳው ዳር የሚመደበው ማን ነበር ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ በኋላ የደንብ ልብሱን እጠይቃለሁ፤ ኮሌታው በየትኛው ዓመት እንደተቀየረ።

እሳቸው፦ መነጽሩንም ውሰጂው። ልጅቷ ትኑር አብራሽ፤ አባቷ ለባዕድ የማይናገሩትን ለእሷ ይናገራሉ። የሚሉሽንም እንዳሉት ጻፊው፣ አታሳምሪው፤ ያላስታወሱትን ቦታ ባዶ ተዪው።

እሷ፦ ቅዳሜ ፈረቃዬ የከሰዓት ነው። ጠዋት እሄዳለሁ።